የየቲም ሐቅ በዲጂታል ቦርሳ ሲመጣ፦ ተቀባዩ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች



ለየቲሞች የሚሰጥ ሰደቃ ቀድሞ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። ከዚያም በባንክና በሐዋላ መላክ ተለመደ። ዛሬ ደግሞ በውጭ አገር ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች መካከል የሀብታቸውን ከፊል በክሪፕቶ ገንዘብ መልክ ያስቀመጡ አሉ፤ ከዚያው ላይ ቀንሰው ለየቲሞች ለመስጠትም ይፈልጋሉ። ኒያው ያማረ ነው። ይሁን እንጂ አቀባበሉን በውል ያልተረዳ ሰው የየቲምን ሐቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከእጁ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ስለ ዲጂታል ቦርሳ ምንነትና ስለ አጠባበቁ በመጠኑ ማብራራት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ ስለ ሕጉ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ገንዘብ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለሆነም በአገር ቤት ያለ ቤተሰብ ወይም ማኅበር በዚህ መንገድ ገንዘብ ልቀበል ማለቱ ራሱንም የቲሞቹንም ለችግር ያጋልጣል። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች የሚኖሩና እርዳታ የሚያሰባስቡ ወገኖችን የሚመለከት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤቱ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሀብት እንደ ንብረት ይቆጥረዋል። በዚያ ያሉት ተቀባዮች ስጦታውን እዚያው ተቀብለው፣ ወደ መደበኛ ገንዘብ መንዝረው በባንክ ይልካሉ፤ የየቲሙ ቤተሰብም በብር ይረከባል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው።

ዲጂታል ቦርሳ ምንድን ነው?

ብዙዎች ዋሌት የሚሉት ዲጂታል ቦርሳ እንደ ስሙ ገንዘብ የሚያዝበት ከረጢት አይደለም። ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ የለም። ማን ምን ያህል እንዳለው የሚመዘገበው በዓለም ዙሪያ በተሠራጩ ኮምፒውተሮች ላይ በሚገኝ የጋራ መዝገብ ነው። ቢትኮይን የተባለው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መዝገብ ሥራ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ቦርሳው የሚይዘው ሁለት ነገሮችን ሲሆን፣ እነሱም አድራሻና ምሥጢራዊ ቁልፍ ናቸው።

አድራሻው እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ነው፤ ለሰጪው ይነገራል። ቁልፉ ግን እንደ ፊርማና እንደ ማኅተም ነው። ይህ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ወይም በ24 ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ተገልጾ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። እነዚህን ቃላት ያወቀ ሁሉ ገንዘቡን ማውጣት ይችላል፤ የጠፉበትም ገንዘቡን ከመዝገቡ ላይ እያየው ሊነካው አይችልም። በስህተት የተላለፈውን እንዲመለስ የሚያዝ የባንክ ሹም የለም። የጥንቃቄው ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

ሲቀበሉ የሚፈጸሙ ተግባራት

አንደኛ፣ አድራሻውን ሁልጊዜ ከራስዎ ቦርሳ «ተቀበል» ከሚለው ቦታ ይውሰዱ። ከቀድሞ ዝውውሮች ዝርዝር ላይ አይቅዱ። አጭበርባሪዎች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላቱ የእርስዎን ወይም የወዳጅዎን አድራሻ የሚመስል ሌላ አድራሻ ሠርተው፣ ከዚያ ኢምንት ገንዘብ በመላክ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሀብት በዚህ ዘዴ ተታሎ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት ለሌባ ልኳል። አብዛኛው በኋላ ቢመለስለትም እንዲህ ያለው ዕድል ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ መረቡን ይለዩ። አንድ ዓይነት ገንዘብ በተለያዩ መረቦች ላይ ሊላክ ይችላል። ዩኤስዲቲ የሚባለው ከዶላር ጋር የተያያዘ ገንዘብ ለምሳሌ በኢቴርየምም በትሮንም ይላካል። የኢቴርየም አድራሻ በዜሮና በኤክስ ፊደል ሲጀምር፣ የትሮን በቲ ፊደል ይጀምራል። ከዚህም በላይ የአድራሻቸው መልክ አንድ ሆኖ መረባቸው የሚለያይ አሉ። ስለዚህ ለሰጪው የገንዘቡን ዓይነት፣ መረቡንና አድራሻውን ሦስቱንም አንድ ላይ ይንገሩ።

ሦስተኛ፣ አድራሻው በጽሑፍ ከተላከ በኋላ በስልክ ተደዋውላችሁ ፊደላቱን አንብባችሁ አመሳክሩ። ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቆ የተቀዳውን አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚተካ ተንኮለኛ ፕሮግራም አለና።

አራተኛ፣ ሰጪው በመጀመሪያ ጥቂት ገንዘብ ለሙከራ ይላክ። መድረሱ ሲረጋገጥ ቀሪው ይከተላል።

አምስተኛ፣ «ልኬያለሁ» የሚል ቃል ወይም የስልክ ፎቶ ማስረጃ አይሁንዎ። ፎቶ ይፈጠራል፤ መዝገቡ ግን ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እዚያው ይመልከቱ። በቢትኮይን አዲስ የመዝገብ ገጽ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይጨመራል። ለከፍተኛ ገንዘብ ስድስት ገጾች እስኪደረቡ አንድ ሰዓት ያህል መታገሥ የተለመደ ነው።

ስድስተኛ፣ ለመቀበል ምሥጢራዊ ቃላትን መስጠትም ሆነ «ማስለቀቂያ» ክፍያ መላክ ፈጽሞ አያስፈልግም። ይህን የጠየቀ ሁሉ፣ የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ ሌባ ነው። ሳይጠበቅ ቦርሳዎ ውስጥ የተገኘ እንግዳ ገንዘብም ካለ አይንኩት፤ ማጥመጃ ሊሆን ይችላል።

ለሰጪዎችም አንድ ቃል እንጨምር። የየቲሞችን ፎቶ ለጥፎ የራሱን አድራሻ ከሥሩ የሚጽፍ ከሀዲ አይጠፋም። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ የማኅበሩን ኃላፊ ጠይቀው ያረጋግጡ።

ቁልፉን ማን ይያዝ?

ሱረቱ አን-ኒሳእ በ6ኛው አንቀጹ የየቲም አሳዳጊ ገንዘባቸውን ሲያስረክባቸው ምስክር እንዲያቆም ያዛል። ታማኝ ነኝ ማለት ከምስክር አላዳነውም። የዲጂታል ቦርሳም ነገር በዚህ ሚዛን መታየት አለበት። የስብስቡ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከሆነ ሰውየው ቢታመም፣ ቢሞት ወይም ሸይጧን ቢያሳስተው የየቲሞቹ ሐቅ አብሮት ይጠፋል። ለዚህ መፍትሔ አለው። ሦስት ቁልፎች ተዘጋጅተው ሦስት ሰዎች ይይዟቸዋል፤ ገንዘቡም ቢያንስ ሁለቱ ሳይፈርሙ አይንቀሳቀስም። ምሥጢራዊ ቃላቱ በወረቀት ተጽፈው፣ ታሽገው፣ በተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ወይም በኢሜይል መላክ ግን ለሌባ በር መክፈት ነው።

ገንዘቡ ሲደርስም ሳይውል ሳያድር መመንዘር ይበጃል። ቢትኮይን በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ወደ 69 ሺህ ዶላር ደርሶ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ17 ሺህ በታች ወረደ። በዚያው በ2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ታላቅ የምንዛሪ ድርጅት ሲከስር ገንዘባቸውን እዚያ ያስቀመጡ ሁሉ በር ተዘጋባቸው። የየቲም የትምህርት ቤት ክፍያና የዕለት ጉርስ ለእንዲህ ያለ ውጣ ውረድ የሚጣል አይደለም። የደረሰበት ቀን፣ መጠኑ፣ የተመነዘረበት ዋጋና የተከፈለው ኮሚሽን በመዝገብ ይጻፍ፤ ለሰጪውም ደረሰኝ ይሰጠው።

በመጨረሻም፣ በክሪፕቶ ገንዘብ ላይ ዑለማዎች አንድ አቋም የላቸውም። የግብፅ ዳር አል-ኢፍታእ ቢትኮይንን አልፈቀደም፤ በማሌዥያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሸሪዓ አማካሪ ምክር ቤት ግን በ2020 እ.ኤ.አ. መገበያየቱን በመርህ ደረጃ ፈቅዷል። ስለዚህ ሰጪም ተቀባይም በየአካባቢያቸው ያሉ አዋቂዎችን ይጠይቁ። የየቲምን ገንዘብ መጠበቅ ግዴታ መሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም። ገንዘቡ በሳንቲም ቢመጣም በማይጨበጥ ቁጥር ቢመጣ አማናው ያው ነው፤ በዕለተ ቂያማም እንጠየቅበታለን።

አላህ የሰጪዎችን ሰደቃ ይቀበል፤ የተቀባዮችንም እጅ ከክህደት ይጠብቅ። ወላሁ አዕለም።