ሕፃኑ፣ ሶኬቱና ምጣዱ፦ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ደኅንነት



የዛሬው ርእሴ ለዶክትሬት ዲግሪዬ ካጠናሁት ጉዳይ አንጻር እጅግ ትንሽ ይመስላል። ለረጅም ዓመታት ያስተማርኩት ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን እህቴ ቡራዩ በተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጇ የቁም ሣጥን ቁልፍ ከአልጋው አጠገብ ባለው ሶኬት ቀዳዳ ከተተ። ጣቶቹ ተቃጠሉ፤ በሕይወት ግን ተረፈ። ከዚያ ቀን በፊት በዚያ ክፍል ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ! ሶኬቱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ መተከሉንም አይቻለሁ። አንድም ቃል አልተናገርኩም።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው እንዲህ ባለ ክፍል ነው። አልጋው፣ ምጣዱ፣ ቴሌቪዥኑና የውኃ ጀሪካኑ ጎን ለጎን ናቸው። ጀልባ ላይ እንደሚኖር ቤተሰብ፣ ልጁን ከመሣሪያው የሚለይ ግድግዳ የለም። «ልጅ ወጥ ቤት አይግባ» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም፤ ወጥ ቤቱ ራሱ መኝታ ቤት ነውና።

ከአደጋው በኋላ እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ብሬከሩ ለምን አልወደቀም?» ብላ ነው። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። የሰውነትን መከላከያ ወደ 1000 ኦም ብንወስድ፣ በ220 ቮልት 220 ሚሊአምፔር በሰውነት ውስጥ ያልፋል። ከ10 ሚሊአምፔር ጀምሮ እጅ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲቆይ ልብን ያሰጋል። የብሬከሩ መጠን ግን 16 አምፔር፣ ማለትም 16,000 ሚሊአምፔር ነው። ስለዚህ በልጁ ሰውነት የሚያልፈውን ከ70 እጥፍ በላይ ካልሆነ በቀር አይሰማውም። ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። የእህቴን ልጅ ያተረፈው ደረቅ ላስቲክ ምንጣፍ ላይ መቆሙ ነው። ያ ወለል ቅዳሜ ቅዳሜ በውኃ ይታጠብ ነበር።

ግራውንድ የምንለው የመሬት ሽቦም ብቻውን አይበቃም። የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር መሬት በክረምት ውኃ ያቁራል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ያን ጊዜ የተቀበረው ዘንግ ከአፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይዳከማል። የዘንጉ መከላከያ 50 ኦም ነው እንበል። የምጣዱ ቆርቆሮ ፌዝ ቢነካው ወደ መሬት የሚፈሰው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ብሬከሩ አሁንም አይወድቅም፤ ቆርቆሮውም ከረንት እንደያዘ ይቀራል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው አርሲዲ የተባለው መቁረጫ ነው። በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ከረንት ያወዳድራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ከሰከንድ ክፍልፋይ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ፤ ልጁ በሁለት እጆቹ ሁለት ምስማር ይዞ ሁለቱንም ቀዳዳ ቢነካ የሄደው ሁሉ ስለሚመለስ አርሲዲው ልዩነት አያይም። እዚያ ላይ የሚያድነው በውስጡ መከለያ ያለው ሶኬት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች እኩል ካልተገፉ መከለያው አይከፈትም። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን መከለያ በ1947 እ.ኤ.አ. በወጣው ደረጃቸው አስገዳጅ አድርገውታል። ለየብቻው የሚሸጠውን የላስቲክ መክደኛ ግን ብዙም አልወደውም። ልጅ እናቱ ስትነቅለው አይቶ ይነቅለዋል፤ ከዚያም አፉ ውስጥ ይከተዋል።

ወደ ምጣዱ ልምጣ፤ የሚያስጨንቀኝ በዋናነት እሱ ነውና። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። በተራ ኤክስቴንሽን ሲሰካ ሽቦው ይግላል፤ ሽፋኑም ቀስ በቀስ ይደርቃል። የሸክላው ሳህን ከሥሩ ባሉ ቦዮች ውስጥ የማሞቂያ ሽቦ ተዘርግቶበታል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ሊጡ በስንጥቁ ሰርጎ ሽቦውን ሊነካ ይችላል። የተሰነጠቀ ምጣድ በሊጥ ተጠግኖ ሲጋገርበት ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን የመብራት መጥፋት ነው። እናት እየጋገረች መብራት ይጠፋል። ስፒናውን ሳትነቅል ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ልጁ የቀዘቀዘው ምጣድ አጠገብ ይጫወታል። መብራቱ ሲመለስ ምጣዱ ያለ ድምፅ ይግላል። በፋብሪካ ሞተሮች ላይ ይህን የሚከላከል ማብሪያ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ይጠፋል፤ ሰው እንደገና ካልተጫነው አይበራም። ለቤት ምጣድ የሚሆን ርካሽ ዓይነቱን መሥራት ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበቃ ርእስ ነው፤ በዚህ ዓመት የሚወስደው ተማሪ ካለ አማካሪው እሆናለሁ። እስከዚያው ድረስ መብራት በጠፋ ቁጥር ስፒናውን መንቀልና ገመዱን ከልጅ ቁመት በላይ መስቀል ምንም ወጪ አይጠይቅም።

የእህቴ አከራይ ግድግዳው አይቦረቦርም ስላሉ ሶኬቱን ከፍ ማድረግ አልቻልኩም። መከለያ ባለው ሶኬት ቀየርኩት፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እህቴ ከዚያ ቤት ወጥታለች። ከእርሷ በኋላ የገቡት ተከራዮች ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው፤ ሶኬቱን ሳልነቅል እዚያው ተውኩት።