ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ከሞባይል መለዋወጫ ሱቆች በአንዱ ጥግ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። መስታወቱ ላይ «ዘፈንና ፊልም እንጭናለን» ይላል። ሚሞሪያችሁን ትሰጡታላችሁ፣ ጥቂት ብር ትከፍላላችሁ፣ ሞልቶ ይመልስላችኋል። ሥራው ይኸው ነው። ስለ ሙዚቃችን የሚጽፉ ሰዎች ግን አልፈውት ይሄዳሉ።

መንግሥት ያልወደደው ዘፈን ሕዝብ ጋ የደረሰው በዩቲዩብ ነው ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። ዩቲዩብ ላይ የተጫነ ዘፈን አድራሻ አለው፤ አድራሻ ያለው ነገር ደግሞ ይዘጋል።

በሕጉ ከሄድን ሳንሱር የለም። በደርግ ዘመን ግጥም ከመቀዳቱ በፊት ይመረመር ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ግን ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ የተለመደው ዘዴ ዝም ማለት ነው። የቴዲ አፍሮ «ጃ ያስተሰርያል» በ1997 በየታክሲው ሲጮህ የመንግሥት ራዲዮ እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ። ኢንተርኔት ሲስፋፋ ደግሞ መስመሩን መቁረጥ ተጨመረ። በ2009 መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ አገሩ በሙሉ ከኢንተርኔት ተለየ፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር።

በዚያ ክረምት መቂ ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ስፒከሯ ከወንበሯ ይበልጣል፤ ገና ትኩስ የሆነ ዘፈን ታሰማለች። ከየት እንዳመጣው ሹፌሩን ስጠይቀው «ሻሸመኔ አስጫንኩት» አለኝ። የኢንተርኔት መኖር አለመኖር ለሱ ጉዳዩ አልነበረም።

ምስጢሩ ፋይሉ ላይ ነው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አምስት ሜጋባይት አይሞላም፤ ባለ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ 400 ያህሉን ይይዛል። አንድ ጫኚ ኔትወርክ ባለበት ሌሊት አንዴ ካወረደው፣ ሌላው ከሱ ይቀዳል፤ የሚኒባስ ረዳት በፍላሽ ይዞት ሞጆን አልፎ ዝዋይ ይወርዳል፤ እዚያ በብሉቱዝና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። ከቴሌ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኩባዎች በሃርድ ዲስክ ከቤት ቤት የሚዞር «ኤል ፓኬቴ» የሚሉት ሳምንታዊ ጥቅል አላቸው፤ ዓለም ሲያደንቀው እሰማለሁ። የእኛው ግን ስም እንኳ አልወጣለትም።

የመንግሥት ጣቢያም ሳያስበው ለዚህ ሥራ አቀብሏል። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዳማ የሆነው ኦቢኤን በ2010 የሃጫሉን የሚሌኒየም አዳራሽ ዝግጅት በቀጥታ አስተላለፈ፤ ከስርጭቱ ተቆርጦ የወጣው «ጅራ» የተባለው ዘፈኑ ከዚያ በኋላ የማንም ጣቢያ ንብረት አልነበረም።

አሁን ግን ጫኚዎችን ልቆጣ። የዘፈኑን ስም አጥፍታችሁ «ትራክ 07» የምትሉት ለምንድን ነው? የዘፋኙ ስም በሚገባበት ቦታ የሱቃችሁን ስልክ ቁጥር የምትጽፉትስ? ካሴት ሽፋን ነበረው፤ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው ተጽፎ ይነበብ ነበር። ፋይል ያለው የስሙ መስመር ብቻ ነው። እሱን ስታጠፉ፣ የራዲዮው ዝምታ ያልቻለውን እናንተ ፈጸማችሁት፦ ሰዉ ዘፈኑን ይዞ ዘፋኙን አጣ። ድምፁን እንደገና ጨምቃችሁ ቤዙን የምታጠፉትንማ ተዉት። አስጫኞችም ብትሆኑ «ዝም ብለህ ሙላልኝ» አትበሉ፤ የምትፈልጉትን በስሙ ጠይቁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ነገሩ አጭርና መራራ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፤ ከሚሞሪ ግን ለዘፋኙ ሳንቲም አይደርሰውም። በ2011 ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስና ጆኒ ራጋ ከባልደረቦቻቸው ጋር አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲያወጡ፣ ዘፈን በጥቂት ብር ከሞባይል ካርድ ላይ እየተቆረጠ እንዲሸጥ ነበር ሐሳባቸው። ደግ ሐሳብ ነው፤ ኔትወርክ እስካለ ድረስ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነጋግረው ያንን የመናኸሪያ ልጅ ነበር፤ ከየዘፈኑ ድርሻውን ቆርጬ ሻጭ አደርገው ነበር። መቂ በዚህ ሳምንት ምን እያዳመጠች እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።