«አትምጡ» የሚል ጋባዥ

የፈረንጆቹ ገና፣ አዲስ ዓመታቸውና የእኛ ገና በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በዴንቨር ወይም በቶሮንቶ ለሚኖር ሐበሻ እነዚህ ሳምንታት የመንገድ ሰሞን ናቸው። ከሥራ የተገኘችው ዕረፍት ትጠራቀማለች፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተለቀዋል፣ አክስትና አጎት ከስቴት ስቴት ይጠየቃሉ። የበረዶ ማዕበል የሚበረታውም በዚሁ ሰሞን ነው። በየዓመቱ የሚሰጠው ምክር ይታወቃል፦ ጎማችሁን እዩ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው መሪ ለጨበጠ ሰው ስለሆነ ዘግይቶ ይደርሳል። የዚህ ጉዞ ትልቁ አደጋ የሚወሰነው በዋዜማው፣ ቤት ውስጥ፣ በስልክ ነው። ያንን ውሳኔ ለመለወጥ ከሹፌሩ የበለጠ አቅም ያለው ደግሞ እንግዳ የጠራው ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2022 መጀመሪያ በቨርጂኒያ የሆነውን እንመልከት። ዕለቱ ሰኞ፣ ጃንዋሪ 3 ነበር፤ በእኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ለገና አራት ቀን ሲቀር። አዲስ ዓመትን ከዘመድ ጋር ያሳለፈው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው ኢንተርስቴት 95 አውራ ጎዳና በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ላይ ተዘጋ። ከአንድ ቀን በፊት አየሩ ሞቅ ያለ ነበር። በረዶው ሳይጀምር ዝናብ በመጣሉ ሠራተኞቹ መንገዱ ላይ ጨው ቀድመው መርጨት አልቻሉም፤ ቢረጩት ዝናቡ ጠርጎ ይወስደው ነበር። ከዚያ በረዶው በሰዓት እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርድ ጀመር። ተሳቢዎች እየተንሸራተቱ መንገዱን አግድም ዘጉት፣ ከኋላ የመጣው ቆመ፣ የቆመው ደግሞ በረዶ ጠራጊውን መኪና ማለፊያ አሳጣው። ሲመሽ ብርዱ ጠናና ጎማ ያቀለጠው ሁሉ መልሶ ጠጠረ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሴናተር ቲም ኬይን ነበሩ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅባቸው መንገድ 27 ሰዓት ወሰደባቸው። ሰው አለመሞቱ ትልቅ ዕድል ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን እዚያ ሰልፍ ውስጥ ከገቡ በኋላ ጎበዝ ሹፌርነት ምንም ያልፈየደ መሆኑ ነው። ፊት ለፊት የቆመውን ተሳቢ ማንም በጥንቃቄ ነድቶ አያልፈውም።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ «መኪናዬ ፎር ዊል ነው፣ በረዶውንም ለምጄዋለሁ» የሚል ነው። ፎር ዊል መኪና በእርግጥ ከቆመበት በቀላሉ ይነሳል፣ ዳገትም ይወጣል። ለማቆም ግን ከሌላው መኪና የተለየ ጉልበት የለውም፤ ፍሬን በሁሉም መኪና ላይ አራቱንም ጎማ ነው የሚይዘው፣ የሚያቆመውም ጎማው ከመሬቱ ጋር ያለው መያያዝ ነው። በደረቅ አስፋልት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ35 ሜትር ገደማ ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ይኸው መኪና ከ120 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ አስፋልት መስሎ በተኛ ስስ በረዶ ላይ ደግሞ 250 ሜትር እንኳ ላይበቃው ይችላል። ፎር ዊል ያለው ሹፌር ሲነሳ ያላንሸራተተው መንገድ ሲቆምም የማያንሸራትተው ይመስለዋል፤ እኔ የምፈራው ይህን መተማመን ነው። ጎማውስ? የተለመደው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ መያዝ ያቅተዋል፤ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ በሕግ የምታስገድደውም ለዚህ ነው። ጨውም ወሰን አለው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪን ካለፈ የማቅለጥ ኃይሉ እጅግ ይደክማል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። የተሻለ ጎማ መግዛት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አደጋውን ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም።

መንገድ ላይ ማደር ምን እንደሚመስል በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው «ቢበዛ መኪና ውስጥ እናድራለን» ሲል ስለሚሰማ ነው። ለበዓል የሚሄድ ቤተሰብ የለበሰው ለሚደርስበት ቤት እንጂ ለመንገዱ አይደለም። እናት የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ፣ አባት ስስ የቆዳ ጫማ፣ ልጆቹ መኪናው ስለሚሞቃቸው ኮታቸውን ያወለቁ ናቸው። መኪናው ሲቆም ሞተሩ ለሙቀት እንደበራ ይቆያል። በረዶው ከኋላ እየተከመረ የጭስ ማውጫውን ሲደፍነው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይመለሳል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ነው፤ ሰውየው የመንገድ ድካም መስሎት ዓይኑን ይከድናል። ስለዚህ ሞተሩ የሚበራው በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሞተሩን ከማስነሳት በፊት ወርዶ የጭስ ማውጫውን መጥረግ፣ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮት በጣት ስፋት መክፈት የግድ ነው። ከሩቅ በሚታይ መብራት ተማምኖ በእግር መውጣትም አይገባም፤ በነፋስ በሚበተን በረዶ ውስጥ ሰው የገዛ መኪናውን ከጥቂት እርምጃ ላይ ያጣዋል። አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ውኃና ደረቅ ምግብ መኪና ውስጥ ይኑር።

ከቨርጂኒያው ዓመት ሳይሞላ በኒውዮርክ ግዛት የቡፋሎ ከተማ የደረሰው ግን የከፋ ነበር። ቡፋሎ ኤሪ ሐይቅ ጥግ ላይ ናት። ቀዝቃዛ አየር ገና ባልረጋው ሐይቅ ላይ ሲያልፍ እርጥበት ይሸከማል፣ የብስ ሲደርስ ያራግፈዋል። ከተማዋ በረዶን እጅግ የለመደች፣ ጠራጊ መኪናና ልምድ የሞላት ናት። የአየር ትንበያውም ቀናት ቀድሞ አስጠንቅቋል። እንዲያም ሆኖ ከዲሴምበር 23 ቀን 2022 ጀምሮ ነፋሱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ እየነፈሰ፣ ማዕበሉ ከ36 ሰዓት በላይ ሳያባራ ቆየ። የእሳት አደጋና የአምቡላንስ መኪኖች ራሳቸው ተቀበሩ፤ ለእርዳታ የሚደውል ሰው የሚደርስለት አጣ። በአካባቢው ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከፊሎቹ መኪናቸው ውስጥ፣ ከፊሎቹ መንገድ ላይ፣ ከፊሎቹም መብራት በጠፋበት ቤታቸው። በረዶ የለመደ ሕዝብ ይህ ከደረሰበት፣ ልምድን እንደ ዋስትና መቁጠር ምን መሠረት አለው?

ቡፋሎ ከባዱን ተቃውሞም ይዛ ትመጣለች፦ «መቅረት ለሚችል ሰው ይህ ቀላል ነው፤ እኔ ካልሄድኩ ሥራዬን አጣለሁ» የሚለውን። በዚያን ዕለት የመኪና እንቅስቃሴ እገዳው ሥራ ላይ የዋለው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነበር፤ ማስታወቂያው ከተነገረ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ። ያን ጊዜ ብዙ ሠራተኛ ከቤቱ ወጥቷል። አዛውንት የምትንከባከብ፣ ሆስፒታል አዳር የምትገባ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ኤርፖርት የሚሠራ ወገናችን በእንዲህ ያለ ቀን ምርጫው ጠባብ ነው፤ ይህን አልክድም። እገዳ በዋዜማው መታወጁ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ከአለቃው ጋር ከመጨቃጨቅ ያድነዋል፤ ስለዚህ ባለሥልጣናት ቀድመው መወሰን አለባቸው። ግን ይኸው ተቃውሞ ጉዞዎቹን ለሁለት ይከፍልልናል፤ አንደኛው የግድ ነው፣ ሌላው በግብዣ የሚደረግ ነው። በግብዣ የሚሄደው ቤቱ ቢቀመጥ፣ የግድ ለምትሄደው ነርስና ለጠራጊው መኪና መንገዱ ይለቀቃል። በቨርጂኒያም ጠራጊዎቹን ያሰራቸው የመኪናው ብዛት ነው።

የእኛ ገና ደግሞ የራሱ የሆነ አደጋ አለው፤ ብዙም ሲነገርለት አይሰማም። ጃንዋሪ 7 በአሜሪካ የሥራ ቀን ነው። ምእመኑ ከሥራ ወጥቶ በዋዜማው ማታ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ ሌሊቱን ቆሞ ያስቀድሳል፣ ከጾም እንዳለ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ወጥቶ መኪና ያስነሳል። ያ ሰዓት ሌሊቱ የሚበርድበት፣ ቀን የቀለጠው በረዶ መልሶ የሚረጋበት፣ ጨው የሚረጨው መኪናም ወደ ትንንሾቹ መንገዶች ገና ያልደረሰበት ነው። ሹፌሩ ሌሊቱን አልተኛም፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ልጆቹ ከኋላ እንቅልፍ ጥሏቸዋል፣ የፊት መስታወቱ ላይ ጥሎ ያደረውንም በረዶ ለዓይን በምትበቃ ቀዳዳ ብቻ ፍቆ ለመነሳት ይቸኩላል። ያን መስታወት ሙሉ በሙሉ መጥረግ፣ የጣሪያውንም በረዶ ማውረድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ትንበያው ከከፋ ግን ሰበካ ጉባኤው በዋዜማው ቀትር ላይ «በአቅራቢያችሁ አስቀድሱ፣ ሩቅ ያላችሁ በስርጭት ተከታተሉ» ብሎ ሊያሳውቅ ይችላል። ብዙ አጥቢያዎች ከኮቪድ ወዲህ ቅዳሴውን በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ ትምህርት ቤቶችም በበረዶ ቀን መዘጋታቸውን ጎህ ሳይቀድ ያሳውቃሉ።

«በዓል በቀኑ ነው የሚያምረው» የሚል ሰው ይኖራል። ለቅዳሴው እውነት ነው፤ ጥየቃው ግን መቼ በአንድ ቀን ተወስኖ ያውቃል? በአገራችን ከገና ማግስት ጀምሮ እስከ ጥምቀት «እንኳን አደረሳችሁ» እያለ የሚመጣ ዘመድ ቀኑ አልፎበታል አይባልም። ትንበያ ይሳሳታል የሚለውም ክርክር በከፊል ብቻ እውነት ነው። ማዕበል መምጣቱን ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ማወቅ ዛሬ ከባድ አይደለም፤ የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ የበረዶው መጠንና ሰዓቱ ነው። ተሳስቶ ፀሐይ ቢወጣ የሚጎዳው የተቀመጠ ዶሮ ወጥ ነው፤ ወጡ ደግሞ ለቅዳሜ ይደርሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን እንሄዳለን? መልሱ ይሉኝታ ይመስለኛል። እንግዳ ሆኖ «ፈራሁ፣ አልመጣም» ማለት ያሳፍራል፤ ተደግሶ ሲጠበቅ መቅረት ንቀት ይመስላል። እናት ከወዲያኛው ጫፍ ደውለው «ልጆቼ፣ የት ደረሳችሁ?» ሲሉ ፍቅራቸው ነው፤ መሪ የያዘው ልጅ ግን ያን ሰምቶ ነዳጁን ረገጥ ያደርጋል። የመቅረትን ሸክም ከእንግዳው ላይ ሊያነሳ የሚችለው የደገሰው ብቻ ነው። ሲያነሳም በግማሽ አይሆንም። «ከቻላችሁ ኑ» የሚለው ቃል ውሳኔውን መልሶ ወደ እንግዳው ይወረውራል። «መንገዱ አያምርም፣ እንዳትመጡ፤ ቅዳሜ ምሳ አብረን እንበላለን» ማለት ይሻላል፤ ይህም እንግዳው ሻንጣውን መኪና ላይ ሳይጭን፣ በዋዜማው ቀትር ላይ መነገር አለበት። ቀኑን ቆርጦ መናገርም ያስፈልጋል። «ሌላ ጊዜ» ብቻ የተባለ እንግዳ የተቀየሙበት ይመስለዋል፣ ቅያሜውን ለማጥፋትም የመኪና ቁልፉን አንስቶ ይወጣል።