በሽንት ጊዜ የሚነሣ ራስ ምታት

አንድ ሰው ሽንቱን ሸንቶ ሳይጨርስ ራሱን ይፈልጠዋል፤ ልቡ ይደልቃል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ፊቱም ዐመድ ይመስላል። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ሁሉም እንዳልነበረ ይሆናል። ወደ ሐኪም ሲሄድም «ራሴን ያመኛል፤ ልቤም ትር ትር ይላል» ይላል እንጂ ሕመሙ መቼ እንደሚነሣበት አይናገርም፤ ስለ ሽንት ማውራት ያሳፍራልና። ሐኪሙም በዚያ ሰዓት የደሙን ግፊት ቢለካ ደኅና ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

በኩላሊቶቻችን ራስ ላይ አድሬናል የተባሉ ሁለት ትናንሽ ብልቶች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ልቡን የሚያፈጥነውን አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን የሚያመነጩ እነርሱ ናቸው። ይህን የመሰለ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ አልፎ አልፎ በሽንት ፊኛ ግድግዳ ውስጥ ይበቅላል፤ ሐኪሞች ፓራጋንግሊዮማ ይሉታል። ፊኛው ሲወጠር ወይም ሲኮማተር ዕጢው ይጨመቅና ሆርሞኑን ወደ ደም ይለቀዋል፤ ሰውየውም የሚያስደነግጠው ነገር ሳይኖር ሰውነቱ እንደ ደነገጠ ይሆናል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ዚመርማንና ባልደረቦቹ ስለዚሁ በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። በፊኛ ላይ ከሚበቅሉት ዕጢዎች ከ1000 አንዱን እንኳ አይሞላምና አንባቢ አይሸበር። ሌሊት ለሽንት ተነሥቶ ራሱን የሚስት ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የደሙ ግፊት ድንገት ስለሚወርድ ነው። ነገር ግን ያ ራስ ምታትና የልብ ድልቂያ በሽንት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ሳይታፈር ለሐኪም ይነገር። ደም የቀላቀለ ሽንት ደግሞ ሌላ ምልክት ባይኖርም መመርመር አለበት።

ምርመራው የሆርሞኑን ዝቃጭ በደም ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ በተጠራቀመ ሽንት መለካት ነው፤ ከዚያም ፊኛው በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ ይነሣል። አስቀድሞ ሳይታወቅ፣ እንደ ሌላው የፊኛ ዕጢ ተቆጥሮ በመሣሪያ ቢነካ ወይም ቢቆረጥ፣ የደም ግፊቱ ለሞት እስኪያደርስ ድረስ ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው አልፋ ብሎከር በሚባለው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ከተዘጋጀ በኋላ ዕጢው በቀዶ ጥገና ይወጣል። ዘግይቶ ሊመለስ ስለሚችልም ለብዙ ዓመታት ክትትል ያሻዋል፤ በዘር የሚወረስበትም ጊዜ ስላለ፣ ሐኪሙ ስለ ወላጆቹና ስለ ወንድሞቹ ጤና ሲጠይቀው የሚያውቀውን ሁሉ ይንገረው።