ስለ ወተት ላም አያያዝ የሚሰጠው ትምህርት ለማን ይድረስ?

የሐበሻ ላም በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህል ወተት ስትሰጥ፥ ከፍሪዥያን ኮርማ የተዳቀለች ላም ግን በደንብ ከተያዘች ዐሥር ሊትርና ከዚያም በላይ ልትሰጥ ትችላለች። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ዲቃላ ጊደሮችን ለገበሬዎች ማከፋፈል ከጀመረ ወዲህ፥ የአሰላ አካባቢ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል። ይሁን እንጂ ዲቃላዪቱ ላም ከወተቷ ጋራ አዲስ ሥራ ይዛ ትመጣለች። ይህን ሥራ ገበሬው ይማር ሲባል፥ «ገበሬው» የተባለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው የድራት ምልክት ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ያህል ሲሆን፥ ጊዜውም ከአንድ ቀን አያልፍም። ትጮኻለች፤ ሌሎች ላሞች ሲወጡባት ቆማ ትቀበላለች። ምልክቱ ጠዋት የታየባት ማታ፥ ማታ የታየባት በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀላለች። ይህ ሰዓት ካመለጠ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው፤ የመኖው ወጪ ግን አይጠብቅም።

ሁለተኛው የእንገር ጉዳይ ነው። ጥጃው በሽታ የሚከላከልበትን ኀይል የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቱም ይህን የሚቀበለው ለጥቂት ሰዓቶች ብቻ ስለ ሆነ፥ በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ ጠግቦ ሊጠባ ይገባዋል።

ሦስተኛው አስተላለብ ነው። እጅና ጡት ይታጠባል፤ የመጀመሪያው ወተት በጥቁር ዕቃ ላይ ታልቦ ይታያል። የረጋ ነገር ከተገኘበት የጡት በሽታ መግባቱን ያመለክታልና፥ ያች ላም ከሁሉ በኋላ ትታለባለች።

እንግዲህ ድራቱን ማልዶ የሚያየው ከብት ጠባቂው ልጅ ነው፤ የምታልበውና ጥጃውን የምታጠባው በአብዛኛው እመቤቲቱ ናት። ለትምህርት የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ በማኅበሩ መዝገብ የተጻፈው ባል ነው። «እርሱ ተምሮ ለሚስቱ ይነግራታል» የሚሉ አሉ። ነገር ግን እጅ የሚማረው በመሥራት እንጂ በወሬ አይደለም። ከዚህም ሌላ፥ ሴቲቱ ወተቱን ንጣ ቅቤውን ስትሸጥ ገንዘቡ በእጅዋ ይገባ ነበር፤ ወተቱ በባልዋ ስም ለማኅበር ሲሸጥ ግን ሥራዋ ጨምሮ ገቢዋ ሊቀንስ ይችላል። ድካሙ የርሷ፥ ዋጋው የሌላ ከሆነ በትጋት እንድትማር መጠበቅ ያስቸግራል።

ስለዚህ ትምህርቱ በከተማ አዳራሽ ለብዙ ቀን ከሚሰጥ ይልቅ፥ በመንደሩ በረት፥ በማለቢያው ሰዓት፥ በአገሬው ቋንቋ፥ ለባልና ለሚስት በአንድነት ቢሰጥ ይበጃል። የወተቱም ሒሳብ በሁለቱ ስም ቢመዘገብ መልካም ነው። ላሚቱን በየቀኑ የሚይዘው እጅ ካልተማረ፥ ጥሩ ዘር ብቻውን ወተት አይሆንም።