ባህልን ማወቅና በሥራ ቦታ የእኩልነት መብት

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ወደ ሥራ ሲሰማራ ይዞ የሚገባው የትምህርት ማስረጃውን ብቻ አይደለም፤ አስተዳደጉም አብሮት ይገባል። ባህል ስንል ዘፈንና አልባሳትን ብቻ ማለታችን አይደለም። ሰው ታላቁን የሚያከብርበት፣ ስለ ራሱ ከመናገር የሚቆጠብበት፣ በዓሉን የሚቆጥርበት ሥርዓት ሁሉ ባህል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ሁኔታ መነሻ አድርገን፣ ይህ ሥርዓት ከሥራ ቦታ ልማድ ጋር የት እንደሚጋጭና ሕጉ ምን መፍትሔ እንደሚሰጥ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስምን እንውሰድ። በእኛ ልማድ ከስም ቀጥሎ የሚጠራው የአባት ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። በአሜሪካ ቅጽ ላይ ግን የመጨረሻው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ስለሚወሰድ፣ ሠራተኛው በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ይጠራል፤ እናትና ልጅም በመዝገብ ላይ ባዕዳን ይመስላሉ።

ሁለተኛው ጭምትነት ነው። በአስተዳደጋችን ስለ ራስ ችሎታ አብዝቶ መናገር እንደ ጉራ፣ ታላቅን ዓይን ዓይኑን እያዩ መናገርም እንደ ድፍረት ይቆጠራል። በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የሚጠበቀው ይኸው ነው። ከዚህም የተነሣ አቀርቅሮ በአጭሩ የመለሰ ባለሙያ እንደ አላዋቂ ሊታይ ይችላል። እሱ ከሙያው ውጭ ሲቀር፣ ተቀባዩም አገር ዕውቀቱን ያጣል።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል፣ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። በ1972 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ፣ ከባድ ችግር ካላስከተለበት በቀር አሠሪው ለሠራተኛው የሃይማኖት ሥርዓት ሁኔታዎችን እንዲያመቻች አስገድዷል። በ1977 የተሰጠ ፍርድ ይህን ግዴታ እጅግ አላልቶት ነበር፤ በ2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግሮፍ ጉዳይ፣ አሠሪው እምቢ ለማለት ከፍ ያለ ወጪ ወይም ጫና እንደሚደርስበት ማስረዳት እንዳለበት ወስኗል። እንግዲህ ጃንዋሪ 7 ቀን ገናን ለማክበር ፈረቃው እንዲለወጥለት የሚጠይቅ ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ይጠይቃል እንጂ ችሮታ አይለምንም።

ከሥራ ቦታ ውጭም ምሳሌ አለ። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ፣ አንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከተገልጋዩ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰውን ከሞሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ዋና ሰነዶች በቋንቋቸው እንዲተረጐሙ ያዛል። አማርኛም በዚሁ ሕግ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆኖም ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና፣ የማይጠየቅበት መብት በወረቀት ላይ ይቀራል።

በመጨረሻም ጥያቄው ወደ ራሳችን ይመለሳል። በየማኅበሮቻችን ስብሰባ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነው ወገናችን፣ በስደት የተወለደው ወጣት፣ ወንበር እንጂ ድምፅ የማይሰጣት እኅታችን ስንት ጊዜ ዳር ተቀምጠዋል? ከባዕድ የምንጠይቀውን አክብሮት በገዛ ቤታችን ከነፈግን፣ ጥያቄያችን ኃይል አይኖረውም።