ከ15 በላይ የማይቆጥረው ማሽን

የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው ፋይል ሲገለብጥ ነው። በሦስት ካሜራ የተቀረጸ አንድ ሠርግ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ይወጣዋል፤ ያ ሁሉ ከውጭ ኤስኤስዲ ወደ ኮምፒውተሩ ካልገባ ሥራው አይጀመርም። ወደ እኔ የመጣው ማሽን ይህን ለዓመታት ያለ ኮሽታ ሲሠራ ኖሯል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በሰከንድ 450 ሜጋባይት ያህል ይገለብጥ የነበረው ዲስክ ወደ 40 ወረደ። የስህተት መልእክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ዲስኩ ይከፈታል፣ ፋይሉ ይነበባል፤ እየተንፏቀቀ።

ማሽኑ ማክ አይደለም፤ ማክ ነኝ ብሎ የሚሠራ ሃኪንቶሽ ነው። በኢንቴል ዜድ390 ቺፕሴት ማዘርቦርድ ዙሪያ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተገዝተው የተገጣጠመ፣ ማክ ኦኤስ የተጫነበት፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያውን ፋይናል ከት እንዲያሠራ የታሰበ ሣጥን። አፕል በ2006 ኮምፒውተሮቹን ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ማዞር ሲጀምር ነው ሃኪንቶሽ የመሥራት ሙያ የተወለደው። የአፕል ፈቃድ ስምምነት ማክ ኦኤስ ከአፕል ኮምፒውተር ውጪ እንዳይጫን ይከለክላል። ሳይስታር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ሠርቶ መሸጥ ቢጀምር አፕል በ2008 ከሰሰው፣ በ2009ም ረታው። ስለዚህ ባለሃኪንቶሽ ማሽኑ ሲታመም ወስዶ የሚያሳየው የአገልግሎት ማዕከል የለውም። ያለው ጠጋኝ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው እንደተለመደው ኬብሉ ነበር። ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ዲስኩም ተቀየረ፤ ያው ነው። ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ የተጫነበት ሁለተኛ ዲስክ ስለነበር በዚያ አስነሣነው፤ ኤስኤስዲው በየትኛውም የዩኤስቢ 3 መሰኪያ 450 አካባቢ ሄደ። ይህ ብዙ ነገር ከጥርጣሬ ነፃ አወጣ። ሽቦው ደህና ነው፣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ማክ ኦኤስ ሃርድዌሩን በሚያይበት መንገድ ላይ ነው።

ወደ ማክ ኦኤስ ተመልሰን የሲስተም መረጃውን ስንከፍት ከዲስኩ ስም ሥር «እስከ 480 ሜጋቢት በሰከንድ» ይላል። ይህ ቁጥር በ2000 የወጣው የዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ነው። ለ8 ሲካፈል 60 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከመልእክት ልውውጡ ወጪ በኋላ ለፋይሉ የሚተርፈው 40 ገደማ ነው። ዲስኩ አልታመመም ማለት ነው፤ በአሮጌው መስመር እየተጓዘ ነው እንጂ።

ሰማያዊዋን የዩኤስቢ 3 መሰኪያ በደንብ ላየ ሰው ይህ አያስገርምም። ከፊት 4 የመዳብ ምላሶች አሏት፤ እነሱ ከ1996 ጀምሮ የነበሩት ናቸው። ወደ ውስጥ ገባ ብለው ደግሞ 5 አዲስ ምላሶች አሉ፤ የዩኤስቢ 3 ውሂብ የሚያልፈው በእነሱ በኩል ብቻ ነው። አንድ መሰኪያ ውስጥ ሁለት የማይገናኙ የውሂብ መስመሮች ተቀምጠዋል። አዲሱ ካልመለሰ መሣሪያው ድምፁን ሳያሰማ በአሮጌው ይገባል። ይህ አሮጌ ዕቃ እንዳይጣል ታስቦ የተሠራ ደግነት ነው፤ ለጠጋኝ ግን ፈተና ነው፣ ምክንያቱም ብልሽቱን ብልሽት አያስመስለውም።

ከሁሉም መሰኪያዎች ፈጣን ሆነው የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ከኋላ ያሉት የመብረቅ ምልክት የታተመባቸው ሁለቱ የተንደርቦልት ታይፕ-ሲ መሰኪያዎች። ይህን በጊዜው በማስታወሻ ያዝነው፤ ትርጉሙ የገባን ኋላ ነው።

አይኦሬጅስትሪ ኤክስፕሎረር የሚባለው የአፕል መመልከቻ ማክ ኦኤስ የሚያውቀውን ሃርድዌር ሁሉ እንደ ዛፍ ዘርግቶ ያሳያል። የዩኤስቢ ተቆጣጣሪውን ቅርንጫፍ ከፈትን። ኤችኤስ01፣ ኤችኤስ02 እያለ እስከ ኤችኤስ14 ይወርዳል፤ እነዚህ የዩኤስቢ 2 መስመሮች ናቸው። ቀጥሎ ዩኤስአር1 የሚባል አንድ አለ። ከዚያ ባዶ። የዩኤስቢ 3 መስመሮች፣ ከኤስኤስ01 እስከ ኤስኤስ10 ያሉት፣ አንዳቸውም የሉም። ቺፕሴቱ 26 ፖርት አለው፤ ማክ ኦኤስ 15 ቆጥሮ አቁሟል።

ዲስኩ የዘገየው ከማክ ኦኤስ አፕዴት ወዲህ ነበር። «አፕዴት ስታደርግ ሌላ የነካኸው ነገር አለ?» አልኩት ባለቤቱን።

«ወንድሜ፣ ከአፕዴቱ በኋላ እየጀመረ እየጠፋ አስቸገረኝ። ከዚያ አንድ ልጅ ኦፕን ኮር ውስጥ አንዷን መስመር ‹ፎልስ› አድርጋት አለኝ፤ አደረግኳት፣ ተነሣ።»

ያቺ መስመር ኤክስኤችሲአይ ፖርት ሊሚት ትባላለች። ኦፕን ኮር ማለት ማሽኑን ለማክ ኦኤስ አስመስሎ የሚያቀርበው ማስነሻ ነው፤ መስመሯ ደግሞ የ15ን ገደብ በማስነሻው ጊዜ ታነሣ ነበር። ከማክ ኦኤስ 11.3 ወዲህ ግን አትሠራም። ልጁ ትክክል ነበር፤ መዘጋት ነበረባት። ስትዘጋ ተደብቆ የኖረው ገደብ ተገለጠ።

ለመሆኑ ለምን 15? እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ ይህ ነው። ማክ ኦኤስ ለእያንዳንዱ የዩኤስቢ መሣሪያ ባለ 8 አኃዝ አድራሻ ይሰጠዋል፤ አኃዞቹ በ16 ቤት የሚቆጠሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቆጣጣሪውን ይናገራሉ፣ ቀሪዎቹ 6 እያንዳንዳቸው አንድ እርከን ናቸው። በዚህ ማሽን ላይ 14100000 ማለት «14 በተባለው ተቆጣጣሪ የመጀመሪያው ፖርት» ነው። በዚያ ፖርት ላይ ሃብ ቢሰካና ከሃቡ ሁለተኛ መሰኪያ ላይ ፍላሽ ቢገባ የፍላሹ አድራሻ 14120000 ይሆናል። ለአንድ እርከን የተሰጠችው አንዲት አኃዝ 4 ቢት ናት፤ 16 ዋጋ ትይዛለች፣ ዜሮ «እዚህ ምንም የለም» ለማለት ይቀራል። የሚተርፈው 15 ነው። የቤት ቁጥር መጻፊያዋ አንዲት ሣጥን ብቻ የሆነች የቀበሌ ቅጽ ብታስቡ አትሳሳቱም፤ 16ኛው ቤት ቢኖርም የሚጻፍበት ቦታ የለም።

አፕል ይህን ያደረገው ሃኪንቶሽን ለመጉዳት አይመስለኝም። በ2015 በኤል ካፒታን የዩኤስቢውን ሶፍትዌር እንደ አዲስ ሲጽፍ ያሰበው የራሱን ማሽኖች ነው። አይማክ ከኋላው 4 የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ቢኖረው 8 ፖርት ነው፤ ካሜራውና ብሉቱዙ ቢጨመሩም 15 አይሞላም። እያንዳንዱ እንደ ሁለት የሚቆጠር መሰኪያ የሚደረድረው የኛ ሣጥን ነው።

መፍትሔው ገደቡን ማንሣት ሳይሆን መምረጥ ነው፤ የትኞቹ 15 ይታዩ? ለዚህ እያንዳንዱ መሰኪያ ከየትኛው ፖርት ጋር እንደተያያዘ ማወቅ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 26ቱንም ስለሚያይ ምዝገባውን እዚያ ዩኤስቢ ቱልቦክስ በሚባል ፕሮግራም ሠራነው። አንድ የዩኤስቢ 2 ፍላሽና አንድ የዩኤስቢ 3 ፍላሽ ይዞ በየመሰኪያው እያስገቡ ስክሪኑ ላይ የትኛው መስመር እንደሚበራ መጻፍ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ሣጥኑ ምስጢሩን ያወጣው በዚህ ጊዜ ነበር። ምንም ያልተሰካባቸው ሁለት ፖርቶች ሥራ ላይ ነበሩ። አንደኛው የብሉቱዝ ካርዱ ነው፤ ውስጥ ለውስጥ በዩኤስቢ 2 ሽቦ ተያይዟል። ሌላኛው የሣጥኑን ቀለም የሚቀያይረው የመብራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተገኘ። ለጌጥ አንድ ሙሉ ፖርት!

ከፊት ያለችው ታይፕ-ሲ ደግሞ ሦስት ፖርት ወሰደች። ኬብሉን በአንዱ ጎን ስንሰካ አንድ የዩኤስቢ 3 መስመር በራ፤ ገልብጠን ስንሰካ ሌላኛው በራ። ታይፕ-ሲ 24 እግር አላት፤ የፈጣኑ መስመር ሽቦዎች በሁለቱም ጎን ተደግመዋል። አንዳንድ ማዘርቦርድ መሐል ላይ ማቀያየሪያ ቺፕ አስቀምጦ ሁለቱን ወደ አንድ ፖርት ያመጣቸዋል። ይቺ ማቀያየሪያ የላትም፤ ስለዚህ ለማሽኑ ሁለት የዩኤስቢ 3 ፖርት ናት፤ ሦስተኛው የዩኤስቢ 2 መስመሯ ነው። አንድን ጎን ብቻ የመዘገበ ሰው ኬብሉ አንዳንዴ የሚፈጥን አንዳንዴ የሚዘገይ ይመስለውና አዲስ ኬብል ሲገዛ ይኖራል።

ድምሩ 19 መጣ። አራት መቀነስ ነበረበት። መብራቱ ወጣ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ የዩኤስቢ 2 ብቻ መሰኪያዎች ወጡ፤ ኪቦርዱና ማውሱ ወደ ሰማያዊዎቹ ተዛወሩ። የታይፕ-ሲዋ አንዱ ጎንም፣ ጣጣው እየታወቀ፣ ወጣ። ለእያንዳንዱ ፖርት ዓይነቱ ይጻፋል፤ ለተራ ዩኤስቢ 3 መሰኪያ 3፣ ማቀያየሪያ ለሌላት ታይፕ-ሲ 10፣ ውስጥ ለተቀበረ 255። ብሉቱዙ 255 ካልተባለ ማክ ኦኤስ ተነቃይ ዕቃ ይመስለዋል፣ ከእንቅልፍ ጋርም ጣጣ ያመጣል። የፖርት ካርታው ፋይል ገባ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ዲስኩ 450 ላይ ተመለሰ።

ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ባለቤቱ ግን ደወለ፤ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ ሞቷል። ሁልጊዜ የሚሰካው ከተንደርቦልቶቹ በአንዱ ላይ ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ማክ ኦኤስ ግን አያየውም። እዚያው መሰኪያ ላይ ኤስኤስዲው ሲገባ ይሮጣል።

ተንደርቦልት የራሱ ተቆጣጣሪ ቺፕ አለው፤ ቺፑም በውስጡ የራሱን የዩኤስቢ ተቆጣጣሪ ይዟል፣ የራሱ 15ም አለው። ፍጥነቱ በክፉው ጊዜ እዚያ ብቻ የተረፈው ለዚህ ነበር፤ ከምዝገባው ውጪ የሆነውም ለዚህ። ዊንዶውስ ላይ ኦዲዮ ኢንተርፌሱን ሰክተን የት እንደወጣ ስናይ ግን በተንደርቦልቱ ሥር የለም። ከቺፕሴቱ ኤችኤስ ፖርቶች በአንዱ ላይ ተቀምጧል። እንደ ብዙዎቹ የተንደርቦልት 3 ማዘርቦርዶች ፈጣኑ መስመር ወደ ተንደርቦልት ቺፑ ሲሄድ የአሮጌው ዩኤስቢ 2 ሽቦ ወደ ቺፕሴቱ ይሄዳል። ኤስኤስዲው አዲሱን መስመር ይጠቀማል፤ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ የዩኤስቢ 2 ዕቃ ስለሆነ አሮጌውን። ገደቡ ሁሉንም ኤችኤስ ይዞ በነበረበት ጊዜ ይሠራ ነበር፤ ካርታው ሲጠራ ከመሰኪያው ግማሹ ጠፋ።

ሁለት ፖርት ተጨማሪ ማስገባት ግድ ሆነ፤ ቦታ ግን የለም። ኪቦርድና ማውስ የዩኤስቢ 3 መስመር ምን ያደርግላቸዋል? የሁለቱ ሰማያዊ መሰኪያዎች ኤስኤስ ተነሥቶ የተንደርቦልቶቹ ኤችኤስ ገቡ። እንደገና 15።

የቀረው ራሱ ተንደርቦልቱ ነበር። ኢንቴል ከአፕል ጋር ሠርቶ በ2011 በማክቡክ ፕሮ ያወጣው ይህ መስመር በሦስተኛው ትውልድ 40 ጊጋቢት በሰከንድ ደርሷል። የባለቤቱ የተንደርቦልት የዲስክ ሣጥን ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ከተሰካ ይታያል፤ ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ቢሰኩት ግን ዝም። እውነተኛ ማክ ላይ ተንደርቦልቱን የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ነው። በፒሲ ላይ የሚመራው ቺፑ ውስጥ ያለ ፈርምዌር ነው፤ የተሰካ ነገር ሲያጣ ቺፑን ያጠፋዋል፣ ሲሰካ በባዮሱ በኩል ያሳውቃል። ማክ ኦኤስ ያንን ማሳወቂያ አይጠብቅም። የተንደርቦልቱ ቅርንጫፍ ነቅሎ መሰካት የሚቻልበት መሆኑን ለማክ ኦኤስ የሚናገር ትንሽ የኤሲፒአይ ሠንጠረዥ ጨመርን፣ ባዮሱ ውስጥም የተንደርቦልት ጥበቃውን አጠፋን። የዲስክ ሣጥኑ መግባትና መውጣት ጀመረ። የሲስተም መረጃው አሁንም «ሾፌር አልተጫነም» ይላል፤ ይበል።

ጥበቃውን ማጥፋት ግን በቀላሉ የሚያልፉት ነገር አይደለም። ተንደርቦልት የተሰካውን ዕቃ ወደ ማሽኑ ሜሞሪ የሚያደርስ መንገድ ነው። በ2020 የአይንድሆቨን ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ተንደርስፓይ ብሎ ባወጣው ሥራ ጥበቃው ሳይጠፋም ማሽኑን በእጁ ያገኘ ሰው ሊያልፈው እንደሚችል አሳይቷል። ደንበኛው ሁሉ ዲስክ ይዞ የሚገባበት ስቱዲዮ ውስጥ የሌላ ሰው ተንደርቦልት ዕቃ እንዳይሰካ ነገርኩት። ተንደርቦልቱ እንደ እውነተኛ ማክ በማክ ኦኤስ እንዲመራ ቺፑን በተሻሻለ ፈርምዌር መጻፍ የሚባለውን መንገድ ግን አልመከርኩም። የሚጻፈው ሲኤች341ኤ በምትባል ርካሽ መሣሪያ ነው፤ የ3.3 ቮልት ቺፕ ላይ 5 ቮልት የምትልክ ዓይነቷ ገበያውን ሞልታለች፣ የሚቃጠለውም ምትክ የሌለው ማዘርቦርድ ነው።

«ሃብ ብጨምርስ ይበላሻል?» አለኝ ማሽኑን ሲወስድ። አይበላሽም፤ የሃቡ መሰኪያዎች በአድራሻው ላይ ቀጣዩን አኃዝ ነው የሚወስዱት፣ ከ15ቱ አይቆጠሩም። የወጣው የሣጥኑ መብራትም በውስጥ ሃብ በኩል ሊመለስ ይችላል። ኤስኤስዲ ግን ሃብ ላይ አይሰካ አልኩት፤ ሁለት ዲስክ ከተሰካበት የአንዱን መሰኪያ 5 ጊጋቢት ይሻሙበታል።